ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ፣ ዘይት የሚጠጣ ድንጋይ፦ የደላንታ ኦፓልና የሻኪሶ ኤመራልድ

አንዲት የማውቃት ሴት ቀለበቷን ሳታወልቅ ዕቃ አጥባ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። መጀመሪያ ያለችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ሞተብኝ!» የሞተባት ከአዲስ አበባ በስጦታ የተላከላት የወሎ ኦፓል ነበር። ጠዋት ቀይና አረንጓዴ ሲረጭ የነበረው ድንጋይ ከሰዓት በኋላ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ጠርቶ፣ ከሥሩ ያለውን ብር ማሳየት ጀምሯል። መታለሏን አልተጠራጠረችም። ደረቅ ቦታ አስቀምጪው፣ ፀሐይ ላይ ግን እንዳታሰጪው፣ ከምድጃም አርቂው አልኳት። በዘጠነኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ፤ ቀለሙ ተመልሷል።

ቀለበቱ ላይ ያለው አረንጓዴው የሻኪሶ ድንጋይ፣ ኤመራልድ፣ ቢሆን ኖሮ ይህ ድንጋጤ አይመጣም ነበር። ኤመራልድን ውሃ ውስጥ ዓመት ቢያቆዩት ያው ኤመራልድ ነው። ይሁንና በሙቅ ውሃና በጠንካራ ሳሙና ደጋግማ ብትፈትገው ከዚያ በፊት አይታቸው የማታውቃቸው ስንጥቆች ብቅ ይሉባት ይሆናል። ያንን ደግሞ ዘጠኝ ቀን ማድረቅ አይመልሰውም።

ሁለቱም የአገራችን ድንጋዮች ናቸው፤ በወረቀት ላይም «የከበሩ ድንጋዮች» ተብለው አንድ ረድፍ ውስጥ ይገባሉ። ገዢው «የቱ ይበልጣል?» ይላል፣ ሻጩ ሚዛኑን ያወጣል፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ግራም ይመዘናሉ። የኔ ክርክር ከዚህ ይነሳል። በጠባይ እነዚህን ሁለቱን ያህል የማይገናኙ ድንጋዮች ማግኘት ይከብዳል፤ በአንዱ ልክ የተሰፋ የአያያዝ፣ የአመዛዘንና የአሻሻጥ ልማድ ሌላውን ይጎዳል። ገበያችን ላይ ከሚሰማው ጭቅጭቅ ብዙው ከክፋት ይልቅ ከዚህ አለመተዋወቅ የሚመጣ ይመስለኛል። ክፋቱም አልጠፋም፤ እሱን ቆይተን እናየዋለን።

አመድና እሳት

የወሎው ኦፓል ለዓለም ገበያ የታወቀው በ2000 ዓ.ም ገደማ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008)፣ በደላንታ ወረዳ ወገልጤና አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ኦፓል ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ሲደርቅ ይሰነጠቅ ስለነበር የኢትዮጵያ ኦፓል የሚለው ስም ለዓመታት አብሮት ታመመ። የደላንታው ሲመጣ ያንን ስም ማደስ ነበረበት።

አፈጣጠሩ ከእሳተ ገሞራ አመድ ይጀምራል። የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የከመረው ፍንዳታ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያለ ነው። በአመዱ ንብርብር ውስጥ ሰርጎ ያለፈ ውሃ ሲሊካ (የአሸዋን ዋና ንጥረ ነገር) አሟሟ፣ ሲሊካውም በስንጥቅና በክፍተት ውስጥ ቀስ እያለ ረጋ። ኦፓሉን የያዘው ንጣፍ ከአንድ ሜትር አይበልጥም፤ ያውም በገደል ወገብ ላይ ነው። የአካባቢው ወጣቶች ገደሉን በአካፋና በዶማ እየቦረቦሩ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ዋሻው ሲናድ የሚከፈለውን ዋጋ ደላንታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

የሻኪሶው ኤመራልድ የመጣው ከደላንታው ኦፓል ስምንት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ በጉጂ ዞን፣ በሰባ ቦሩ ወረዳ በቀንጢቻ በኩል። ቀንጢቻ ለማዕድን ሰዎች አዲስ ስም አልነበረም፤ ለዓመታት ታንታለም የሚባለው ብረት ሲወጣበት የኖረ ቦታ ነው። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። ኤመራልድ ቤሪል የሚባለው ማዕድን አንዱ ዓይነት ሲሆን፣ ቤሪል ቤሪሊየም ይፈልጋል፤ ቤሪሊየም ደግሞ ታንታለምን በሚያመጣው ዓይነት አለት ውስጥ ይገኛል። አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ክሮሚየም ግን ከዚያ አይገኝም፤ ከጥልቅ የመሬት ክፍል ከወጣ ጥቁር አለት ነው የሚመጣው። ሁለቱ አለቶች በተፈጥሯቸው አይጎራበቱም። በአንድ ቦታ ተገናኝተው፣ በሙቀትና በግፊት ተቀቅለው፣ በመካከላቸው በተፈጠረው ጥቁር የማይካ (እንደ ቅጠል የሚላጥ አብረቅራቂ ማዕድን) ንጣፍ ውስጥ ነው ኤመራልዱ ያደገው። ዕድሜው ከኦፓሉ ጋር አይወዳደርም፤ የደቡቡ አለት በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ይቀድማል።

ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ኤመራልድ ሥርዓት ያለው ክሪስታል ነው፤ አተሞቹ ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ሆነው ተሰልፈዋል፣ ጥሬውን ያየ ሰው ጎኖቹን በዓይኑ መቁጠር ይችላል። ኦፓል እንዲህ ያለ ወጥ ክሪስታል የለውም። የረጋ ሲሊካ ነው፣ ውሃንም በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ በአብዛኞቹ ኦፓሎች ከክብደቱ ከ6 እስከ 10 ከመቶ ያህሉ ውሃ ነው።

ቀለሙ የማነው?

ስለ ኤመራልድ ቀለም ብዙ አልናገርም፤ ቀላል ነው። ክሮሚየሙ፣ አንዳንዴም ቫናዲየም፣ ከነጭ ብርሃን ውስጥ ቀዩንና ሐምራዊውን ውጦ አረንጓዴውን ያሳልፋል። ድንጋዩን ቢፈጩት ዱቄቱ ሊነጣ ይችላል እንጂ ቀለሙን የሰጠው ንጥረ ነገር የትም አይሄድም። አንዲት ጥሩ ምልክት ግን አለችው፤ በማጉያ እያዩ ሲያዞሩት በአንድ አቅጣጫ ወደ ሰማያዊ ያደላ አረንጓዴ፣ በሌላው ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ ያሳያል። አረንጓዴ ብርጭቆ ይህን አያደርግም።

ኦፓል ላይ ግን ቀለም የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1964 (እ.ኤ.አ.) ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ጥቃቅን የሲሊካ እንክብሎች እንደ ብርቱካን ክምር ተደርድረው አገኙ። የእንክብሎቹ ስፋት ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን ያስቡ። ብርሃን በድርድሩ መካከል ሲያልፍ ይበተንና በቀለም ይለያያል። እንክብሎቹ ትንንሽ ሲሆኑ ሰማያዊ፣ ተለቅ ሲሉ ቀይ ይወጣል። ትልልቆቹ ለቀይ ብቻ ሳይሆን ድንጋዩ እንደሚታይበት አቅጣጫ ለአረንጓዴና ለሰማያዊም ይሆናሉ፤ ትንንሾቹ ግን ከሰማያዊ አያልፉም። ቀይ የሚረጭ ኦፓል የሚወደደው ስለዚህ ነው። የወሎው በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ስለተፈጠረ የውስጥ አሠራሩ ከአውስትራሊያው በዝርዝር ይለያል፤ መርሁ ግን ያው ነው።

የራእይ መጽሐፍ በዙፋኑ ዙሪያ ያለውን ቀስተ ደመና ከመረግድ ጋር ያመሳስለዋል፤ መረግድ ደግሞ የኤመራልድ ስማችን ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ጸሐፊው ደላንታን ቢያይ ኖሮ ምን ይል ነበር እላለሁ።

ወደ ቀለበቷ እንመለስ። የወሎው ኦፓል ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ በደረቅ ጊዜ አየር ሞልቷቸዋል። ብርሃን ከሲሊካ ወደ አየር፣ ከአየር ወደ ሲሊካ ሲሻገር በየወሰኑ ይሰበራል፤ የድንጋዩ ወተት መሰል መልክም የቀለሙ ድምቀትም በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። ውሃ ገብቶ አየሩን ሲያስወጣ ወሰኑ ይለዝባል፤ ውሃ በብርሃን ስብረት ለሲሊካ ከአየር ይልቅ በጣም ይቀርባልና። ብርሃኑ ሳይሰበር ያልፋል፣ ድንጋዩ ይጠራል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ዝናብ የመታው ነጠላ ገላን የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ክሩ አልተለወጠም፣ በክሮቹ መካከል የነበረው አየር ነው የወጣው። ነጠላው ሲደርቅ እንደሚነጣ ኦፓሉም ሲደርቅ ይመለሳል። ነጠላ ላይ ግን ዝናብ ሳይሆን ቡና ቢፈስ? እንደዚያው ነው፤ ቅባት፣ ሽቶ፣ የፀጉር ቀለም ወደ ኦፓሉ ከገባ እንደ ውሃው ተኖ አይወጣም።

ጥንካሬ የሚሉት ቃል

ወርቅ ቤት ገብቶ «ይሄ ጠንካራ ነው?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ቃሉ አንድ ነው፣ ጥያቄው ግን ሁለት። አንደኛው፣ ይጫራል ወይ? ሁለተኛው፣ ይሰበራል ወይ? ብርጭቆን ጥፍር አይጭረውም፣ ቢወድቅ ግን ደቃቅ ይሆናል። የቆዳ ጫማን ጥፍር ይጭረዋል፣ ከፎቅ ቢወረወር ግን አይሰበርም። የትኛው ነው ጠንካራው?

መጫርን የሚለካው ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ከ1 እስከ 10 ያለ ደረጃ ነው፤ ከታች ታልክ፣ ከላይ አልማዝ። ኤመራልድ ከ7.5 እስከ 8 ነው። ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ይመስላል፣ በኑሮ ግን ትልቅ ነው፤ በመካከላቸው 7 ላይ ኳርትዝ ተቀምጧልና። ኳርትዝ ማለት አሸዋ ነው፣ አቧራም ውስጥ አለ። የኦፓል ቀለበትን አቧራ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ መፈግፈግ በአሸዋ ወረቀት እንደመጥረግ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ገጹ ይደበዝዛል። ኤመራልድን አቧራ አያስፈራውም።

እስከዚህ ድረስ ኤመራልድ አሸናፊ ይመስላል። ነገር ግን የመሰበሩን ጥያቄ ስናመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ኤመራልድ ከውልደቱ ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ ውስጡ የሚታየውን ስንጥቅ፣ የማይካ ቅንጣትና የታሰረ ፈሳሽ ፈረንሳዮች «የአትክልት ቦታ» ብለው አቆላምጠውታል። ግጭት ሲያገኘው በእነዚያ መስመሮች ይከፈታል። ማዕዘኖቹ ተቆርጠው የሚቀረጹበት «የኤመራልድ ቅርጽ» የተለመደው ሹሉ ማዕዘን ቶሎ ስለሚሸረፍ ነው። የወሎ ኦፓል በተቃራኒው አሳሳች ጽናት አለው። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የጌሞሎጂ (የከበሩ ድንጋዮች ሳይንስ) ጥናት ተመራማሪዎቹ ድንጋዮቹን ከ1.5 ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጥለዋቸው ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ሲያዩአቸው ጉዳት አላገኙባቸውም። ይህን አንብቦ የራሱን ኦፓል የሚጥል ሰው ግን እኔን እንዳይከሰኝ። ኦፓልን ከውድቀት ይልቅ የሚያስፈራው ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ነው።

ሚዛኑ ላይ

የክብደቱ ነገር በገንዘብ ስለሚተረጎም ረዘም አድርጌ ልሂድበት። የኤመራልድ እፍጋት 2.7 ገደማ ነው፤ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትሩ 2.7 ግራም ይመዝናል። ደረቅ የወገልጤና ኦፓል ከ1.74 እስከ 1.89 ተለክቷል። አንድ ካራት 0.2 ግራም ነውና ስሌቱ ቀላል ነው፦ አንድ ካራት ኦፓል ከአንድ ካራት ኤመራልድ በመጠኑ በግማሽ ያህል ይበልጣል። «በዚህ ዋጋ ይቺን ብቻ ሰጠኝ» ብሎ ከኤመራልድ ሻጭ ጋር የሚጣላ ሰው የኦፓሉን መጠን በዓይኑ ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አላታለለውም፤ ፊዚክስ ነው።

አሁን እፍጋትን የመለኪያውን የድሮ ዘዴ እንውሰድ። ድንጋዩን በአየር ይመዝኑታል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ አንጠልጥለው ይመዝኑታል፣ ከልዩነቱ እፍጋቱን ያሰላሉ። ኤመራልድ ላይ ይህ ከመለኪያዎች ሁሉ ታማኙ ነው፤ ዛሬም ነገም አንድ ቁጥር ይሰጣል። ኦፓሉን ውሃ ውስጥ ሲያስገቡት ግን ጥቃቅን አረፋዎች ይወጣሉ፤ አየሩ ቦታ እየለቀቀ ነው። የሚዛኑ ቁጥር አይረጋም፣ እየወጣ ይሄዳል። መለኪያው ራሱ የሚለካውን ነገር እየለወጠው ነው። የብርሃን ስብረትን በሚለካው መሣሪያ ላይም ያው ችግር አለ። ኤመራልድ 1.58 አካባቢ ያነባል፤ የወሎ ኦፓል በአብዛኛው ከ1.37 እስከ 1.40። ለማንበብ ግን በድንጋዩና በመሣሪያው መካከል ጠብታ ፈሳሽ ይደረጋል፣ ያን ፈሳሽ ኦፓሉ ሊጠጣው ይችላል። ጥንቁቅ ባለሙያ ኦፓልን እዚያ መሣሪያ ላይ ሲያስቀምጥ እጁን የሚሰበስበው ለዚህ ነው።

የወገልጤና ኦፓል ውሃ ሲጠግብ ክብደቱ እስከ 10 ከመቶ ሊጨምር ይችላል። ይህን በጥሬ ድንጋይ ግብይት ውስጥ አስገቡት። ከመቶ ግራም እርጥብ ኦፓል ወደ ዘጠኝ ግራም የሚጠጋው በኦፓል ዋጋ የተሸጠ ውሃ ይሆናል ማለት ነው። ያወጣው ወጣት ድንጋዩ እንዳይደርቅ ብሎ በቅንነት ውሃ ውስጥ አቆይቶት ይሆናል፤ ደላላው ይህን አውቆ አድርጎት ይሆናል። ለገዢው ሁለቱ አንድ ናቸው። የውጭ ገዢ ድንጋዩ ሲደርቅ የቀነሰውን ግራም ያያል፣ በሚቀጥለው ጊዜም ዋጋውን አስቀድሞ ያወርዳል፤ ያኔ ደረቅ ያመጣውም ሰው በእርጥቡ ሂሳብ ይቀጣል። ደረቅ መመዘንን ግዴታ ማድረግ ብዙ ወጪ የለውም። በኦፓል ገበያ ላይ አንድ ደንብ ብቻ አውጣ ብባል የማወጣው እሱን ነው።

መጠጡ

ቀዳዳ ያለው ድንጋይ የሚጠጣውን አይመርጥም። የወሎ ኦፓል በማቅለሚያ ተነክሮ በተፈጥሮ የማይገኝ ደማቅ ሐምራዊና ሰማያዊ ሆኖ ይሸጣል። በጭስ ይታጠንና ይጠቁራል፤ ጥላሸቱ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ጀርባውን ሲያጨልመው ቀለሙ ጎልቶ ይታያል፣ «ጥቁር ኦፓል» ተብሎም ዋጋው ይንራል። ነገሩን የሚያወሳስበው በተፈጥሮው ጥቁር የሆነ ኦፓል ወሎ ውስጥ በስታይሽ መገኘቱ ነው። ስለዚህ «የወሎ ጥቁር ሁሉ የታጠነ ነው» ማለት ውሸት ነው፤ «ወሎ ስለሆነ እውነተኛ ጥቁር ነው» ማለትም እንዲሁ።

ኤመራልድ ቀዳዳ የለውም፣ ስንጥቅ ግን አለው፤ እሱ የሚጠጣው ዘይት ነው። ቀለም የሌለው ዘይት ወይም ሙጫ መሰል ነገር ወደ ስንጥቁ ይገባል። ዘይት በብርሃን ስብረቱ ለኤመራልድ ከአየር ይልቅ ስለሚቀርብ ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል። የነጠላውን ነገር ያስታውሱ፤ ሕጉ አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ። ኦፓል ላይ ባለቤቷን ያስደነገጠው መጥራት ለኤመራልድ ማስዋቢያ ሆነ። ዘይት መቀባት በዓለም ገበያ የታወቀና ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው፣ እስከተነገረ ድረስ። የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ መጠኑ ጥቂት፣ መካከለኛ፣ ብዙ ተብሎ ይጻፋል፣ ዋጋውም በዚያው ይሄዳል። ዘይቱ በሙቀት፣ በሳሙናና በአልትራሳውንድ ማጠቢያ ይወጣል። አንዳንድ ወርቅ ቤት ቀለበት ለማሳጠብ ሰጥተው «ድንጋዬን ቀየሩብኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አንዱን በማጉያ አይቼለታለሁ፤ ድንጋዩ የራሱ ነበር፣ ዘይቱ ነው ጥሎት የሄደው።

ከዚህ ተነስቶ የሁለቱ ዋጋ የሚበላሽበት ቦታም ይለያያል። ኤመራልድ የሚበላሸው ገና ሲወጣ ነው። ፈንጂ ወይም ያልታሰበበት መዶሻ አዲስ ስንጥቅ ይጨምርበታል፣ ከዚያ በኋላ በህንዷ የድንጋይ ቀረጻ ከተማ ጃይፑር ያለ ቀራጭ የቱንም ያህል ቢጠበብ የተሰነጠቀውን አይሰፋውም። ስለዚህ ሻኪሶ ላይ የሚወጣ የሥልጠናና የመሣሪያ ገንዘብ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቢወጣ ይከፍላል፤ ጥቁሩን ማይካ በትዕግሥት የመፈልፈል ሙያ ላይ። ኦፓል ግን ከገደሉ በደህና ወጥቶ የሚበላሸው በማስቀመጫው፣ በጉዞውና በመቁረጫው ላይ ነው፤ ሲቆረጥ ይሞቃል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ማጣበቂያና የማለስለሻ ዱቄት ሊገባበት ይችላል። «ጥሬውን አንላክ፣ እዚሁ እንቅረጽ» የሚለው ወሬ ለሁለቱም በአንድ ድምፅ ይነገራል። ለኦፓል ከብረት ማሽኑ በፊት ቀስ ብሎ የማድረቅ ልማድ ያስፈልጋል። ለኤመራልድ ደግሞ ጥሬውን አንብቦ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል፤ ያ ዓይን በወራት ሥልጠና አይገኝም።

ለገዢ የምለው አጭር ነው። ለየቀኑ የሚደረግ ቀለበት ከሆነ ሁለቱም ምርጥ ምርጫ አይደሉም፤ በጆሮና በአንገት ላይ ሁለቱም ረጅም ዕድሜ አላቸው። ኦፓሉን ከሽቶና ከቅባት በኋላ ያድርጉት፣ ከመታጠብ በፊት ያውልቁት። ኤመራልዱን ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት። ኦፓል ሲገዙ «መቼ ነው ውሃ የነካው?» ብለው ይጠይቁ፣ ኤመራልድ ሲገዙ «ምን ያህል ዘይት አለው?»። በጥያቄው የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመ ሱቁ ብዙ ነው።

የአሜሪካዋ ደዋይ ባለፈው ሰሞን እንደገና ደውላ ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣባት ኦፓሏን አውልቃ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እየጨመረች፣ ቀለሙ እየጠፋ ሲሄድ ታሳያቸዋለች። ተይ ብያታለሁ።